ባሕሩን ያቆየ ሃይላንድ

(አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰቡ የአኳሪየም ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተሰልፋችሁ ስለ ባሕር ልትሰሙ መጣችኋል። ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ አኳሪየም ነው። ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከመግቢያው በስተግራ፣ ደረጃው ሥር ቆሟል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱም ቁመቱም 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ስታሰሉት 720 ሊትር ይመጣል። ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ስትቀንሱ ውሃው ወደ 600 ሊትር ነው። የጨው ውሃ ነው። በደህናው ጊዜ ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ የሞላበት ሪፍ ነበር። ያሠራው ድርጅት ሕንፃውን ሲለቅ አኳሪየሙን ጥሎት ሄደ። ዓሣውን፣ ኮራሉን፣ ሁሉንም እንዳለ። እንዲሁ 2 ዓመት ቆየ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። መስታወቱ ዙሪያውን አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። ከ4 መብራቶች የሚሠራው 1 ብቻ ነው። ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻውን በአረፋ እያነሣ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ጸጥ ብሏል። ታች ያለውን ካቢኔት ስከፍተው ዲቫይደሩ ላይ ጨው ተጋግሯል። ነጭና ሻካራ ጨው፣ ሶኬቱ ቀዳዳ ድረስ ገብቷል።

እጄን ውሃው ውስጥ ከመክተቴ በፊት ብሬከሩን አጠፋሁ። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን ከቧንቧ ውሃ በጣም አብልጦ ያስተላልፋል። ዲቫይደሩን ጥዬ አዲስ ገዛሁና ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት። ገመዶቹን ደግሞ መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው ከዚያ ወደ ላይ እንዲወጡ አደረግሁ። እንዲህ ሲሆን በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ከታጠፈው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሶኬቱ ጋ አይደርስም። ቤታችሁ ስትገቡ የራሳችሁን እዩ። ዛሬውኑ።

ከዚያ ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ መስታወቱን ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። መዳፍ የምታክል መስኮት ከፈትሁ። በዚያች መስኮት 2 ክላውን ፊሾች አየሁ። ከስተዋል፣ ግን አሉ። ከኋላቸው ሌዘር ኮራል የሚባል አንድ ለስላሳ ኮራል ተኮማትሮ ተቀምጧል። ድንጋዮቹ ላይ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉ፣ ዞአንቲድ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች እዚህም እዚያም ጭፍን ብለዋል። ደረቅ አጥንት ያላቸው ኮራሎች በሙሉ ሞተዋል።

«ልጄ፣ ልትጥያቸው ነው የመጣሽው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። የሕንፃው ጥበቃ ናቸው።

«የለም ጋሼ፣ ላድናቸው ነው» አልኋቸው።

ሄዱና ከጥበቃ ቤታቸው አንገቱ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይዘው መጡ። «መብራት ሲጠፋ ያ ማሽን ይቆማል። እነሱም ወደ ላይ ይወጡና አፋቸውን ይከፍታሉ። የታፈኑ መሰለኝ። በዚህች እየቀዳሁ መልሼ ከላይ አፈስላቸዋለሁ። ያኔ ይረጋጋሉ።»

«ስንት ጊዜ ያፈሳሉ?»

«መብራቱ እስኪመጣ ነዋ።»

ይህን ሰው ማንም አላዘዛቸውም። ለዚህ ሥራ የሚከፍላቸውም የለም። ውሃው ሲጎድል በጀሪካን ያመጣሉ። «አሳድሬ ነው የምጨምረው፤ ትኩሱ በረኪና በረኪና ይላል» አሉኝ። ክሎሪኑ ተኖ እንዲወጣ ማሳደር ትክክል ነው። የዳቦ ፍርፋሪም ይሰጧቸው ነበር። ዳቦው ጥሩ ምግብ አልነበረም። ሃይላንዷ ግን ሕይወት ናት፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ26 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ በሊትር 6 ሚሊግራም ተኩል ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ እኛ ጋ 5 ገደማ ነው የሚይዘው፤ ያውም ጥሩ ሲናወጥ። የውጭ አገር መመሪያዎች ሲጻፉ ይህ ሂሳብ የለበትም። የተጻፉት ባሕር አጠገብ ላለ ሰው ነው። ስለዚህ እነሱ «ፓምፑ ለጥቂት ሰዓት ቢቆም ችግር የለውም» ሲሉ እኛ ጊዜያችን ከዚያ ያጠረ ነው። በተለይ ሌሊት። ሌሊት አልጌውም ኮራሉም ኦክስጅን መስጠት ትቶ ከዓሣው ጋር ይሻማል። ጋሼ ውሃውን ከላይ ሲያፈሱ ፊቱን ይሰብሩታል። አየር የሚገባው በዚያ በተሰበረው ፊት ነው።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቅደም ተከተላችሁ ይህ ይሁን። መጀመሪያ የውሃው እንቅስቃሴ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካላችሁ እሰዬው፤ ከሌለ ሃይላንድ። ቀጥሎ ሙቀት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሂተሩ ሲቆም መስታወቱን በጎንና በጎን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አልብሱት፤ ላዩ ግን ክፍት ይሁን። መብራቱ መጨረሻ ነው። ኮራል 2 ቀን በጨለማ ቢያድር አይሞትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የተረሳ አኳሪየም ያገኘ ሰው እንዲይዝልኝ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን አታጽዱት።

ይህን የምለው ገድዬ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ የተረሳ አኳሪየም ተረከብሁ። በአንድ ከሰዓት ሁለት ሦስተኛውን ውሃ ቀየርሁ። አሸዋውን አገላበጥሁ። የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ አጠብሁ። ማታ ሲያንጸባርቅ ፎቶ አነሣሁት። ጠዋት 5 ዓሣዎች ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። አንዱም አልተረፈም።

ምን ሆነ? ለዓመት ውሃው ሳይቀየር ሲቆይ ባክቴሪያዎቹ የዓሣውን ቆሻሻ ወደ ናይትሬት ሲለውጡ አልካሊኒቲውን ይበሉታል። አልካሊኒቲ ማለት ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሲወርድ ውሃው ወደ አሲድ አጋደለ ማለት ነው። እዚህ ላይ አሞኒያ፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ፣ ይመጣል። ፒኤቹ ዝቅ ባለበት አብዛኛው አሞኒያ አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል፤ ብዙም አይጎዳም። ዓሣው በዚያ ለምዶ ይኖራል። እናንተ መጥታችሁ ብዙ ንጹሕ ውሃ ስትጨምሩ ፒኤቹ በአንዴ ይወጣል። ፒኤች በ1 ሲጨምር የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ውስጡ የነበረው ያው ነው፤ መልኩን ብቻ ቀየረ። በዚያ ላይ የቧንቧው ክሎሪን ስፖንጁ ውስጥ የነበሩትን ባክቴሪያዎች ጨርሷቸዋል። አሞኒያውን የሚያነሣ የለም ማለት ነው።

አሸዋውም የራሱ ጣጣ አለው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ጠቆር ያለ ንብርብር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እዚያ ኦክስጅን የለም። ሲነካካ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ ዓሣን በደቂቃ ይጨርሳል። የብሔራዊ ቴአትሩን አሸዋ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልነካሁትም። በየሳምንቱ አንድ ጥግ፣ በቀጭን ቱቦ ቀስ አድርጌ እስባለሁ። ከሳብሁት ውሃ ጋር ወደ ባልዲ ይወጣል፤ ወደ አኳሪየሙ አይመለስም።

የመጀመሪያውን ሳምንት የለካሁት ይህን ይመስላል። ሙቀቱ 22 ዲግሪ። ናይትሬቱ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ። አልካሊኒቲው ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ 4 ተኩል፤ ከ8 ባይወርድ ነው የሚመረጠው። ጨውነቱ በኪሎ ውሃ 27 ግራም። የውቅያኖስ ውሃ 35 ነው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይደርሳል።

ጨውነቱ ለምን ወረደ? ጋሼ የሚጨምሩት ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ እሱ ትክክል ነው። ውሃ ሲተን ጨው ስለማይተን በንጹሕ ውሃ ነው የሚተካው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ከሥር አንድ የቧንቧ መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል። በጠብታው ጨውም አብሮ ይወጣል። በ2 ዓመት 8 ግራም ጎደለ። መገጣጠሚያውን ፈትቼ ጎማውን ቀየርሁ። የ20 ደቂቃ ሥራ ነበር።

ጨውነቱን ለመመለስ አልቸኮልሁም። ዓሣ ጨውነት ሲወርድ ከሚከብደው ይልቅ ሲወጣ ይከብደዋል። ከአኳሪየሙ በቀን ወደ 6 ሊትር ይተናል። ለጊዜው የተነነውን በንጹሕ ውሃ መተካት አቆምሁና በጨው ውሃ ተካሁት። 6 ሊትር በ35 ግራም 210 ግራም ጨው ነው። ለ600 ሊትር ሲካፈል በቀን አንድ ሦስተኛ ግራም ገደማ ከፍ ይላል። 3 ሳምንት ሳይሞላ 34 ገባ። ዓሣዎቹ ምንም አልተሰማቸውም።

እዚህ ላይ ሁሌ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። «የአፍዴራ ጨው ለምን አይሆንም? የራሳችን ነው፣ ርካሽ ነው።» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከውጭ የሚመጣው የሪፍ ጨው ዋጋው ያማል፤ ለ60 ሊትር ውሃ ብቻ ከ2 ኪሎ በላይ ይፈጃል። ግን አይሆንም። የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው ከ100 እጅ 85ቱ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የቀረው 15 ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። የጨው ውሃ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የምንበላው ጨው ቀድሞ ይጋገራል። ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ በተረፈው ውሃ ውስጥ ይቀራሉ። ለወጥ የሚጣፍጠው ጨው ለኮራል ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ባሕር የለንም እንላለን። ደናክል ግን አንድ ጊዜ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። አሞሌ የተቆረጠበት ሜዳ ጨው የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። ክንዱ ከባሕሩ ተቆረጠ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። በረሃው ዳርቻ ላይ ደግሞ የኮራል ሪፍ ዛሬም ቆሟል፤ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው፣ ድንጋይ የሆነ ሪፍ። ኮራል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እኔ ይህን ሳስብ ያ ደረጃ ሥር ያለው ገንዳ ሌላ ዓይን ይሰጠኛል።

ወደ ውሃው ልመለስ። የከተማውን ውሃ እንዳለ አልጠቀምም። በአርኦ ማጣሪያ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟበትን በሚያስቀር ማጣሪያ፣ አሳልፈዋለሁ። ግፊቱ ደካማ ሲሆን ማጣሪያው ስለማይሠራ ከሮቶው ቀጥሎ ትንሽ ፓምፕ አስገብቻለሁ። ማጣሪያው 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት 3 ሊትር ገደማ ይጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን መድፋት ነውር ነው። የሚጣለው ውሃ ለደረጃው መወልወያና ለበሩ አበባዎች ይሄዳል። ጋሼ ናቸው ይህን ያስተካከሉት።

በሳምንት የምቀይረው 60 ሊትር ነው፤ 3 ጀሪካን። አንዳንዱ ሰው ይህ ያንሰዋል። አስቡት፤ 10 በመቶ ስትቀይሩ ናይትሬቱ ከ100 ወደ 90 ነው የሚወርደው። 10 ጊዜ ስትቀይሩ ግን 35 ይደርሳል። 10 ሳምንት ነው። ለ2 ዓመት የተበላሸ ነገር በ10 ሳምንት ከተመለሰ ምን እንፈልጋለን?

አልካሊኒቲውን ያነሣሁት በሱቅ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ቤኪንግ ፓውደር አላልሁም፤ እሱ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ለ600 ሊትር 18 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አልካሊኒቲውን በ1 ከፍ ያደርገዋል። እኔ በቀን ግማሹን፣ 9 ግራም፣ በንጹሕ ውሃ አሟሟቼ ፓምፑ ፊት ለፊት አፈስሁ። በ1 ሳምንት 8 ደረሰ። ደግነቱ ቤኪንግ ሶዳ ፒኤቹን በአንዴ አይሰቅለውም። ከዚያ በፊት ግን አሞኒያውን ለክቼ ባዶ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ድንጋዮቹን አውጥቶ መፈተግ የብዙ ሰው ፍላጎት ነው። እባካችሁ ተዉአቸው። ድንጋዩ ራሱ ፊልተር ነው። ጃካርታ ውስጥ ይኖር የነበረ ሊ ቺን ኢንግ የተባለ ሰው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ ኮራል ማኖር እንደሚቻል አሳይቷል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ረጅሙን አልጌ በእጅ እነጫለሁ፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። ከሕንፃው የጽዳት ሠራተኞች አንዷ በቅንነት «ድንጋዩን አውጥተን ብንቀቅለውስ? የፈላ ውሃ የማያነሣው የለም» አለችኝ። እኛ አገር ጽዳት የፈላ ውሃና በረኪና ነው። የባሕር ድንጋይ ግን በፍጹም አይቀቀልም። ቁልፍ የመሰሉት ዞአንቲዶች ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ያለባቸው አሉ። ከሚታወቁት ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። ድንጋዩ ሲቀቀል ወይም በሙቅ ውሃ ሲፈተግ መርዙ በእንፋሎት ይነሣል። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የመተንፈስ ችግር፣ የልብ ጣጣ። ስለዚህ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ ድንጋይ አትንኩ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያን ቀን ተዉት። ልጆች አጠገብ አይኑሩ። ያቺ ልጅ ጠይቃኝ ባይሆን፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ብታደርገው ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ስለ መብራቱ የምለው አጭር ነው። በኮራል ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። ለ2 ዓመት በጭላንጭል የቆየን ኮራል በአንዴ ሙሉ ብርሃን ብትሰጡት ይቃጠላል። በቀን 4 ሰዓት በዝቅተኛው ጀመርሁ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ።

አይፕታዥያ የሚባል፣ እንደ አረም የሚዛመት የባሕር እንስሳ አለ፤ ቡናማ፣ ትንሽ አበባ መሳይ፣ ሌላውን የሚናደፍ። ብትቆርጡት ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። በቀጭን መርፌ የሎሚ ጭማቂ እወጋዋለሁ፣ በቀን 5 ወይም 6 ብቻ። ከዚያ በላይ ሎሚ ውሃውን ይረብሸዋል።

4 ወር ሆነን። ሌዘር ኮራሉ በ5ኛው ሳምንት ቆዳውን ገፈፈ። እንደ ሰም ያለ ስስ ነገር ከላዩ ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ጣቶቹን ዘረጋ። በጠባቧ መስኮት ያየሁት ቡናማ ጉብታ ዛሬ ስፋቱ የአክንባሎ እጀታ ያህላል፤ ጣቶቹ በውሃው ሲወዛወዙ የጤፍ ማሳ ይመስላል። ክላውን ፊሾቹም ሥር ሥሩ ገብተው ያድራሉ። ዳቦ ትተዋል። ጋሼ አሁን የሚሰጡት ከፍሪጅ የወጣ ሽሪምፕ ነው፣ ጠዋት አንድ ቁንጥር፣ ማታ አንድ ቁንጥር።

ባለፈው ማክሰኞ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መስታወቱ ላይ ሐምራዊ ነገር ወጥቷል። ልፋቀው?»

«እንዳይነኩት ጋሼ!» ብዬ ጮህሁ። ከሜክሲኮ በእግሬ ገሰገስሁ። ደርሼ ተንበረከክሁና አየሁት። ከ1 ብር ሳንቲም ያነሱ 4 ነጠብጣቦች። ኮራላይን አልጌ ነው። ገላውን እንደ ኖራ ከካልሲየም የሚሠራ አልጌ፤ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና አልካሊኒቲው ተሟልተው ሳይሰነብቱ አይወጣም። በዚያ መስታወት ላይ ለ2 ዓመት አልነበረም።

ምን እንደሆነ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ከኪሳቸው ፕላስተር አወጡ። በ4ቱም ነጠብጣቦች ዙሪያ፣ በውጭ በኩል፣ እየቆረጡ ለጠፉበት። የጽዳት ሠራተኞቹ እንዳይፈቁት ነው።